ወረቀቱና ሬጅስተሩ የት ጋ ተለያዩ? በራርስ ሲሙሌተር ፕሮግራም ማስኬድና ባግ ማደን

በፈተና ሰሞን አራት ኪሎ አካባቢ ካፌ ብትገቡ፣ ላፕቶፕ ከፍቶ ሬጅስተር (ፕሮሰሰሩ የሚሠራበትን ቁጥር የሚይዝበት ትንሽ ቦታ) ላይ ያፈጠጠ ተማሪ አታጡም። ማኪያቶው ቀዝቅዟል። ፕሮግራሙ መልስ ሰጥቷል፣ መልሱ ግን የተሳሳተ ነው። ተማሪው አንድ መስመር ይቀይርና ያስኬዳል። ሌላ መስመር ይቀይርና ያስኬዳል። እንዲህ እንዳለ ይመሻል።

እኔም በዚያ መንገድ አልፌአለሁ። ዛሬ ተማሪዎች ኮዳቸውን ይዘው ሲመጡ ቁልፍ ከመንካታቸው በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ። «እዚህ መስመር ላይ ሬጅስተሩ ስንት መሆን ነበረበት?» አብዛኛዎቹ መልስ የላቸውም። ችግሩ ያለውም እዚያ ጋ ነው። መሆን ያለበትን ካላወቃችሁ የሆነውን አይታችሁ ምን ትላላችሁ? ስለዚህ የዚህ መመሪያ ዋና መሣሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። ወረቀቱና ሬጅስተሩ መጀመሪያ የተለያዩበት መስመር፣ ባጉ (የኮዱ ስህተት) ያለበት መስመር ነው።

ሲሙሌተር ማለት ፕሮሰሰር መስሎ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። እውነተኛው ፕሮሰሰር በሰከንድ በቢሊዮን የሚቆጠር ትእዛዝ ይፈጽማል፣ ማንንም አይጠብቅም። ሲሙሌተሩ ግን «ቁም» ስትሉት ይቆማል፣ ሆዱን ከፍቶ ያሳያችኋል፣ ወደኋላም ይመለሳል። ወደኋላ መመለሱን ብዙ ሰው አይጠቀምበትም፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምወደው እሱን ነው።

የትኛውን እንጠቀም?

እኔ ራርስን እመርጣለሁ። ሪስክ ፋይቭ የተባለውን የፕሮሰሰር አርክቴክቸር (የትእዛዞችና የሬጅስተሮች ሥርዓት) ያስመስላል። ሪስክ ፋይቭ በ2010 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የተጀመረ ነው። ማንም ሰው ፈቃድ ሳይገዛ ሊጠቀምበት ይችላል። ራርስ የተሠራው ማርስ ከሚባለው፣ ሚፕስ የተባለ ሌላ አርክቴክቸር ከሚያስመስል ሲሙሌተር ተነስቶ ነው። ማርስ ደግሞ የኦተርባይንና የሚዙሪ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህራን ለተማሪዎች የሠሩት ነው። ኮርሳችሁ ሚፕስ ከሆነ ማርስን ክፈቱ። መስኮቱም ቁልፎቹም ተመሳሳይ ናቸው። የሬጅስተሮቹ ስምና አንዳንድ ትእዛዞች ብቻ ይለያያሉ።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ራርስ አንድ ትንሽ ፋይል ነው። በፍላሽ ከጓደኛ መቀበል ይቻላል። ከተቀበላችሁ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። ዋይፋይ ቢቋረጥ፣ የሞባይል ዳታ ቢያልቅ ሥራችሁ አይቆምም። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ጥግ ይዛችሁም ሆነ ቤታችሁ መብራት ጠፍቶ በባትሪ ያው ነው። መብራትን ካነሳን አይቀር፦ ኮንትሮል ኤስን በየአምስት ደቂቃው ተጫኑ።

ማዘጋጀት

ኮምፒውተራችሁ ላይ ጃቫ ሊኖር ይገባል፣ ስሪት 8 ወይም ከዚያ በላይ። ፋይሉን ሁለቴ ጠቅ አድርጉ። አንዳንዴ ዊንዶውስ የታመቀ ፋይል መስሎት በዚፕ ፕሮግራም ይከፍተዋል። ያኔ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ በጃቫ እንዲከፈት ምረጡ። ከዚህ በላይ የሚያስቸግር ነገር የለውም።

የመጀመሪያው ፕሮግራም

የሚኒባስ ረዳት ሂሳብ እንሥራ። ከአምስት ተሳፋሪዎች 10፣ 10፣ 15፣ 10 እና 15 ብር ተቀብሏል። ድምሩ 60 ነው። መልሱን አስቀድመን የምናውቀው ምሳሌ ሆን ብዬ ነው የመረጥኩት። ለመጀመሪያ ሙከራችሁ ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ትንሽና በእጅ የሚሰላ ነገር ውሰዱ።

በዳታ ክፍል ውስጥ «ሂሳብ» የሚል ስም ሰጥታችሁ አምስቱን ቁጥሮች በወርድ አስቀምጡ። አንድ ወርድ 4 ባይት ነው። ከዚያ በቴክስት ክፍል ውስጥ ቀጥሎ ያለውን ጻፉ። እዚህ የምጽፈው ትእዛዞቹን በምንጠራቸው ስም ነው። ሲሙሌተሩ ውስጥ ስትጽፉ የትእዛዞቹንም የ«ሂሳብ» እና የ«ዙር»ንም ስም በላቲን ፊደል አድርጉት።

ኤልኤ ቲ0፣ ሂሳብ
ኤልአይ ቲ1፣ 0
ኤልአይ ቲ2፣ 5
ዙር፦ ኤልደብሊው ቲ3፣ 0(ቲ0)
አድ ቲ1፣ ቲ1፣ ቲ3
አድአይ ቲ0፣ ቲ0፣ 4
አድአይ ቲ2፣ ቲ2፣ -1
ቢኤንኢዜድ ቲ2፣ ዙር
ኤምቪ ኤ0፣ ቲ1
ኤልአይ ኤ7፣ 1
ኢኮል
ኤልአይ ኤ7፣ 10
ኢኮል

ኤልኤ አድራሻ፣ ኤልአይ ቁጥር ሬጅስተር ውስጥ ያስገባል። ኤልደብሊው ከሜሞሪ ያነባል፣ አድና አድአይ ይደምራሉ፣ ኤምቪ ይገለብጣል። ቢኤንኢዜድ ቲ2 0 እስካልሆነ ድረስ ወደ «ዙር» ይመልሳል። ቲ0 የምናነብበትን አድራሻ ይይዛል። ቲ1 ድምሩን፣ ቲ2 የቀረውን ሰው ብዛት፣ ቲ3 አሁን ያነበብነውን ብር ይይዛል። መጨረሻ ላይ ያሉት አምስት መስመሮች ድምሩን አሳትመው ይወጣሉ። ኢኮል (ecall) ሲሙሌተሩን አገልግሎት የሚጠይቅ ትእዛዝ ነው። የትኛውን አገልግሎት እንደምትፈልጉ የሚናገረው ኤ7 ነው። 1 ቁጥር ማተም፣ 4 ጽሑፍ ማተም፣ 5 ቁጥር መቀበል፣ 10 መውጣት ነው።

አሴምብል

ኤፍ3 ተጫኑ። አሴምብለሩ የጻፋችሁትን ፕሮሰሰሩ ወደሚገባው ትእዛዝ ይተረጉመዋል። የአጻጻፍ ስህተት ካለ ከታች ባለው የመልእክት ሳጥን ውስጥ የመስመሩ ቁጥር ይወጣል። ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ስህተት ጀምሩ። አንድ የተረሳ ነገር ከሱ በታች ብዙ ስህተት ሊወልድ ይችላል፣ የመጀመሪያውን ስታስተካክሉ ሌሎቹ ብዙ ጊዜ አብረው ይጠፋሉ።

ከተሳካ መስኮቱ ይቀየራል። ከላይ የፕሮግራሙ ትእዛዞች፣ ከሥር ሜሞሪው፣ በቀኝ በኩል 32ቱ ሬጅስተሮች ይታያሉ። ፒሲ የሚባለውም አለ፣ ቀጥሎ የሚፈጸመውን ትእዛዝ አድራሻ የሚይዝ ነው። አድራሻዎቹ የሚጻፉት በሄክሳዴሲማል፣ ማለትም በ16 መሠረት ነው። ፕሮግራሙ ከአድራሻ 00400000 ይጀምራል። ዳታው ከ10010000 ይጀምራል። ሁለቱን በቃላችሁ ያዟቸው፣ በኋላ ስህተት ሲመጣ አድራሻውን አይታችሁ ብቻ የየትኛው ሰፈር ችግር እንደሆነ ታውቃላችሁ። የዳታው መስኮት ግርጌ ላይ ቁጥሮቹን ከሄክሳዴሲማል ወደ ተራ ቁጥር የሚቀይር ምልክት ማድረጊያ ሳጥን አለ። ለዚህ ምሳሌ አጥፉት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የጻፍነው 13 መስመር ነው፣ የሚታየው ግን 14 ትእዛዝ ነው። ኤልኤ በእውነቱ አንድ ትእዛዝ አይደለም፣ አሴምብለሩ ለእኛ እንዲቀለን የሚቀበለው አጭር አጻጻፍ ነው። ወደ ሁለት ትእዛዝ ይተረጉመዋል። ስለዚህ እሱን ለማለፍ ሁለቴ መጫን አለባችሁ። ብዙ ጀማሪ እዚህ ጋ «ተጫንኩ፣ ግን ቲ0 ልክ አይደለም» ይላል። አንዴ ድገሙት፣ ይስተካከላል።

ወረቀቱ

አሁን ቁልፉን ተዉት። ወረቀት አውጡና አምስት ረድፍ ጻፉ፣ ለእያንዳንዱ ዙር አንድ። በየረድፉ ቲ3፣ ቲ1 እና ቲ2 በዙሩ መጨረሻ ስንት እንደሚሆኑ አስሉ። የኔ እንዲህ ይላል።

1ኛ ዙር፦ 10፣ 10፣ 4
2ኛ ዙር፦ 10፣ 20፣ 3
3ኛ ዙር፦ 15፣ 35፣ 2
4ኛ ዙር፦ 10፣ 45፣ 1
5ኛ ዙር፦ 15፣ 60፣ 0

ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ዘለው የሚያልፉ ተማሪዎች በኋላ ሁለት ሰዓት ይከፍሉበታል። ስልካችሁ ላይ ሳይሆን ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ከስክሪኑ ጎን ተቀምጦ እንዲታያችሁ።

አንድ በአንድ መራመድ

ኤፍ7 አንድ ትእዛዝ ያስፈጽማል። ኤፍ8 የመጨረሻውን ትእዛዝ ይመልሰዋል። ኤፍ5 እስከመጨረሻው ያስኬዳል፣ ኤፍ9 ለአፍታ ያቆማል፣ ኤፍ11 ያስቆማል፣ ኤፍ12 ሁሉን ወደ መጀመሪያው ይመልሳል። በኤፍ7 ስትራመዱ ቀጥሎ የሚፈጸመው መስመር ቀለም ይቀባል። አሁን የተቀየረው ሬጅስተርም እንዲሁ።

የተቀባው መስመር ገና አልተፈጸመም። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ነው። አድ የሚለው መስመር ቀለም ተቀብቶ ቲ1 ገና 0 ቢሆን ምንም ጥፋት የለም። ኤፍ7 ተጫኑ፣ ከዚያ ተመልከቱ።

አንድ ዙር በጨረሳችሁ ቁጥር ሬጅስተሩን ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ። ልክ ከሆነ ምልክት አድርጋችሁ ቀጥሉ። የመጀመሪያው ልዩነት ሲመጣ ቁሙ። በኤፍ8 ወደኋላ እየተመለሳችሁ የትኛው ትእዛዝ ላይ እንደተሳሳተ ፈልጉ።

ብሬክፖይንት

ብሬክፖይንት ማለት ፕሮግራሙ እንዲቆም ምልክት የምታደርጉበት ቦታ ነው። አምስት ዙር በኤፍ7 ይቻላል። አንድ ሺህ ዙር ግን አይቻልም። ከትእዛዞቹ ዝርዝር በስተግራ ባለው ዓምድ ላይ ምልክት ማድረጊያ ሳጥኖች አሉ። ኤልደብሊው ያለበት 00400010 ላይ ምልክት አድርጉና ኤፍ5 ተጫኑ። ፕሮግራሙ እዚያ ትእዛዝ ላይ ሲደርስ ሳይፈጽመው ይቆማል። እንደገና ኤፍ5 ስትሉ አንድ ሙሉ ዙር ዞሮ ተመልሶ እዚያው ይቆማል።

900ኛው ዙር ላይ ብቻ መቆም ብትፈልጉስ? ራርስ «ይህ ሲሆን ብቻ ቁም» የሚል ብሬክፖይንት የለውም። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ሉፑ (የሚደጋገመው ክፍል) ውስጥ ለጊዜው ሁለት ሦስት መስመር እጨምራለሁ። ቆጣሪውን ከምፈልገው ቁጥር ጋር ያወዳድራል፣ እኩል ካልሆነ ይዘልላል፣ እኩል ከሆነ ኢብሬክ የሚለው ትእዛዝ ላይ ይደርሳል። ኢብሬክ ሲሙሌተሩን ያቆመዋል። ስጨርስ መስመሮቹን አጠፋቸዋለሁ።

አሁን ደግሞ እናበላሸው

መሣሪያውን የምትለምዱት ጤነኛ ፕሮግራም በማስኬድ አይደለም። ስለዚህ እያወቅን እናበላሽ።

አንደኛ፣ ቲ0 ላይ 4 የሚጨምረውን መስመር 1 እንዲጨምር አድርጉት። በኤፍ3 እንደገና አሴምብል አድርጋችሁ ኤፍ5 ተጫኑ። ፕሮግራሙ ይሞታል። መልእክቱ አድራሻ 10010001 በወርድ ልክ እንዳልተሰለፈ፣ ማለትም በ4 እንደማይካፈል ይናገራል። የሞተው ኤልደብሊው ላይ ነው። ኤልደብሊው ግን ምንም አላጠፋም። የተሰጠውን አድራሻ ሊያነብ ሄደ፣ አድራሻው የተበላሸው ቀደም ባለው ዙር አድአይ ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ የቲ0 ዓምድ ጨምሩ፣ ኤፍ12 ብላችሁም በወረቀቱ ሂዱ። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ቲ0 በ4 መጨመር ሲገባው በ1 ብቻ ጨምሯል። ወረቀቱ ባይኖር ኖሮ ምሽቱን ሙሉ ኤልደብሊውን ስትነካኩ ታድሩ ነበር።

ሁለተኛው ደግሞ ተንኮለኛ ነው። 4ን ወደ ቦታው መልሱ፣ ቲ2ን ግን ከ5 ወደ 6 ቀይሩት። አስኬዱት። መልሱ 60 ነው! ልክ ነው። ባጉ ግን አለ። ፕሮግራሙ የሌለ ስድስተኛ ተሳፋሪ ሂሳብ አንብቧል፣ ያ ቦታ በአጋጣሚ ባዶ ስለሆነ 0 አገኘ። አሁን ከአምስቱ ቁጥሮች ቀጥሎ «ቶታል» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በላቲን ፊደል ጨምሩ፣ የመጀመሪያው ፊደል ካፒታል ይሁን። አስኬዱት። መልሱ 1635020688 ይሆናል። ረዳቱ በአንድ ጉዞ ቢሊየነር ሆነ ማለት ነው። የሆነው እንዲህ ነው፦ የጽሑፉ የመጀመሪያዎቹ አራት ፊደላት አራት ባይት ናቸው፣ 84፣ 111፣ 116 እና 97። እንደ አንድ ወርድ ሲነበቡ 1635020628 ይሆናሉ። 60 ሲጨመርበት ያ ቁጥር ይመጣል። ቀድሞ የነበረ ባግ «ጽሑፍ ስለጨመርኩ ተበላሸ» ያስብላችኋል። በወረቀት የሠራ ሰው ግን መልሱ ልክ በነበረበት ጊዜም ይይዘው ነበር፣ ምክንያቱም የወረቀቱ ረድፍ አምስት ሲሆን ብሬክፖይንቱ ላይ የቆመው ስድስት ጊዜ ነው።

በነገራችን ላይ፣ 268500992 የሚል ቁጥር ከታተመላችሁ አትደንግጡ። 10010000 የሚለው የዳታ አድራሻ በተራ ቁጥር ሲጻፍ ነው። ዳታው መጀመሪያ ላይ ያለ ጽሑፍ ለማተም ኤ0 ውስጥ አድራሻውን አስገብታችሁ፣ ከዚያ ድምሩን ወደ ኤ0 ሳትገለብጡ ቁጥር እንዲታተም ጠይቃችኋል።

ሦስተኛው የብዙ ሰው ራስ ምታት ነው። ፈንክሽን ፈንክሽንን ሲጠራ ፕሮግራሙ ያለማቋረጥ ይሽከረከራል።

እንዲህ አስቡት። አንድ መልእክተኛ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ትልካላችሁ። በእጁ አንዲት ወረቀት አለች፣ «ስትጨርስ ወደ አራት ኪሎ ተመለስ» ትላለች። ፒያሳ ሲደርስ ደግሞ ወደ ለገሃር ይላካል። ወረቀቷ አንዲት ብቻ ስለሆነች የቀድሞው ተሰርዞ «ወደ ፒያሳ ተመለስ» ተጻፈባት። ለገሃር ጨርሶ ፒያሳ ተመለሰ። የፒያሳውንም ሥራ ጨረሰና ወረቀቷን አየ። አሁንም «ፒያሳ» ትላለች። እዚያው ሲዞር ይውላል። አራት ኪሎ ያላችሁት እናንተ ትጠብቃላችሁ።

ወረቀቷ አርኤ የምትባለው ሬጅስተር ናት። ፈንክሽን የሚጠራው ጃል (jal) የሚለው ትእዛዝ በተፈጸመ ቁጥር የመመለሻውን አድራሻ እዚያ ላይ ይጽፋል፣ የነበረውን አጥፍቶ። ሲሙሌተሩ ላይ ይህን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። የመጀመሪያው ጃል ላይ አርኤን ወረቀት ላይ መዝግቡ። ሁለተኛው ጃል ላይ ሲቀየር ተመልከቱ። ከዚያ ሬት የሚለው የመመለሻ ትእዛዝ ሲፈጸም ፒሲ የት እንደሚሄድ እዩ። ወደዚያው አድራሻ ደጋግሞ ከተመለሰ ባጉን አገኛችሁት።

መድኃኒቱ ስታክ ነው፣ ሜሞሪ ውስጥ ነገር ለጊዜው የሚቀመጥበት ቦታ። ጫፉን የሚያሳየው ኤስፒ የሚባለው ሬጅስተር ነው። ሌላ ፈንክሽን የሚጠራ ፈንክሽን ሲጀምር ኤስፒን ዝቅ ያደርጋል፣ አርኤን እዚያ ያስቀምጣል። ሲጨርስ አርኤን መልሶ ያነባል፣ ኤስፒን ወደ ነበረበት ከፍ ያደርጋል። የሪስክ ፋይቭ ስምምነት ኤስፒ ሁልጊዜ በ16 ባይት ልክ እንዲሰለፍ ስለሚጠይቅ በ16 ዝቅ ማድረግን ልመዱ። ከዚያ ፈትሹ። ከጃል በፊት ኤስፒ ስንት ነበር? ከተመለሰ በኋላስ? አንድ ካልሆኑ ፈንክሽኑ ውስጥ ያስቀመጣችሁትን ያህል አላነሳችሁም። ራርስ ፈንክሽንን በአንድ እርምጃ የሚያልፍ ቁልፍ የለውም፣ ስለዚህ ከጃል ቀጥሎ ያለው መስመር ላይ ብሬክፖይንት አድርጋችሁ ኤፍ5 በሉ። ኤስ የሚባሉትን ሬጅስተሮችም በዚያው አስተያዩ፣ ፈንክሽኑ ከተጠቀመባቸው እንደነበሩ መመለስ አለበት። ቲ የሚባሉትን ግን ከጥሪ በኋላ አትመኗቸው። ዛሬ በአጋጣሚ ቢሠራም ነገ የጓደኛችሁን ፈንክሽን ስትጨምሩ ይፈርሳል።

ሌላ ሁለት ነገር ባጭሩ። የመውጫውን ኢኮል ከረሳችሁ ፕሮግራሙ ከሥሩ ወዳለው ፈንክሽን ዝም ብሎ ይገባል። ከሥሩ ምንም ከሌለ ደግሞ ራርስ ፕሮግራሙ ከመጨረሻው ላይ ወድቆ እንዳለቀ ይነግራችኋል። ያን መልእክት «አለቀ» ብላችሁ አትለፉት። ዜሮ የሚባለው ሬጅስተር ላይ የጻፋችሁት ነገርም የትም አይቀመጥም፣ ሁልጊዜ 0 ነው።

ካሽ

ካሽ ከሜሞሪ በቅርብ የተነበበው የሚቀመጥበት ትንሽና ፈጣን ማከማቻ ነው። ራርስ ቱልስ በሚለው ዝርዝር ውስጥ የዳታ ካሽ ማሳያ አለው። ከማስኬዳችሁ በፊት ከፕሮግራሙ ጋር ማገናኘት አትርሱ፣ አለዚያ ምንም አይቆጥርም። 16 በ16 የሆነ የወርድ ሠንጠረዥ በረድፍ በረድፍ የሚሞላ ፕሮግራም ጻፉ። ከዚያ በዓምድ በዓምድ የሚሞላውን። ካሹን 8 ብሎክ፣ በብሎክ 4 ወርድ፣ ቀጥታ ምደባ (ዳይሬክት ማፒንግ) አድርጉት። ሠንጠረዡ በሜሞሪ ውስጥ ረድፍ በረድፍ ተከታትሎ የተቀመጠ ስለሆነ፣ በረድፍ ስትሄዱ ከአራቱ ሦስቱ ካሽ ውስጥ ይገኛሉ፣ 75 በመቶ ማለት ነው። በዓምድ ስትሄዱ 0 በመቶ ይሆናል። ሥራው አንድ ነው፣ የተለወጠው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው። እዚህም መጀመሪያ በወረቀት አስሉት።

የፓይፕላይን ደረጃዎችን (ፕሮሰሰሩ አንድን ትእዛዝ ከፋፍሎ የሚፈጽምባቸውን ደረጃዎች) በሥዕል ማየት ከፈለጋችሁ ራይፕስ የሚባለው ሲሙሌተር ይሻላል። ለምርምር ደረጃ ጄም ፋይቭ አለ፣ እሱ ግን ሊኑክስ፣ ጠንከር ያለ ማሽንና ትዕግሥት ይፈልጋል። ራርስን በደንብ ሳትለምዱ አትዝለሉ።

ለመለማመጃ አንድ የምወደው አለኝ

«ሰላም» የሚለውን ቃል ባይት በባይት አስቀምጡ። በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይወስዳል። ሰ 225፣ 136፣ 176 ነው። ላ 225፣ 136፣ 139። ም 225፣ 136፣ 157። መጨረሻ ላይ 0 ጨምሩ። አሁን 0 እስኪደርስ እየቆጠረ የቃሉን ርዝመት የሚያትም ፕሮግራም ጻፉ። 9 ይላችኋል። ቃሉ ግን ሦስት ፊደል ነው።

ፊደሎቹን ለመቁጠር 225 የሆኑትን ባይቶች ብቻ ቁጠሩ፣ እነዚህ ፊደሎቻችን ሁሉ በዚያ ባይት ይጀምራሉና። ባይት ለማንበብ ኤልቢ የሚለውን ተጠቀሙና አስኬዱት። መልሱ 0 ይመጣል። ወረቀታችሁ 225 ይላል፣ ሬጅስተሩ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ኤፍ7 ተጫኑና እዩት፦ -31 ነው። ኤልቢ ባይቱን ከነምልክቱ ነው የሚያነበው፣ ከ127 በላይ የሆነው ሁሉ ወደ አሉታዊ ይዞራል። 225 ሲቀነስ 256፣ -31። ኤልቢን በኤልቢዩ ቀይሩና እንደገና አስኬዱት። 3 ይወጣል።